አሥራ አንድ ከአርባ

ጥር 4

ይድረስ ለወንድሜ፤

ሰላምታውን አስቀድሜ ልስጥህና ልገላገል። እንዴት ነህ? ላሜራ የቆረጠው እጅህ ገጠመልህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ደህንነቴ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ንዴት ነው።

ስልክህን የማላነሳው ንቄህ አይደለም። ባለፈው ጮኸህ ጮኸህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ወረቀት ላይ እንዳሻህ ጩህ፤ እኔም ሲመቸኝ ተቀምጬ አነብልሃለሁ። የአውቶቡሱ ሹፌር ደግ ሰው ነው፣ ሲሄድ የእኔን ሲመለስ ያንተን እያመላለሰ ያስታርቀናል ወይም ያጋድለናል።

ለጠየቅኸኝ መልሱ አዎ ነው። የልጅህን የሙጫን ወደ ሜዳ መመለሻ ወረቀት ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ክለቡ አይደለም፣ አሠልጣኙም አይደለም። ሳይፈረምበት መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። በሹፌሩ "ሰው ነው ወይስ ኮምፒውተር የከለከላት?" ብለህ አስጠይቀኸኝ ነበር። ሰው ነው። አክስቷ ናት።

"ከመስከረም ውጤቷ አልወረደችም፣ እንዲያውም አንድ ጨምራለች፤ ታዲያ ምን ቀረሽ?" ትለኛለህ። እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። ሥራዬን ታውቀዋለህ። ተጫዋቾቹ ሁሉ መስከረም ላይ ጤነኛ ሆነው እኔ ክፍል ይፈተናሉ። ማስታወሳቸው፣ ፍጥነታቸው፣ ትኩረታቸው ይለካል። በኋላ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ካለ እንደገና ይፈተንና ሁለቱ ውጤት ጎን ለጎን ይታያል። ከወረደ ያርፋል፤ ካልወረደ ይመለሳል። ልጅህ ታኅሣሥ 18 ቀን ከግቡ ብረት ጋር በጭንቅላቷ ተላትማ፣ ለደቂቃ የት እንዳለች ጠፍቷት፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ መጥታ ከሃያ አምስት ቃል ስምንቱን አስታወሰች። መስከረም ላይ ምንም ሳትሆን ያስታወሰችው ሰባት ነበር። ተመትታ ተሻላት ማለት ነው? እንዲያ ከሆነማ ልጆቹን በሙሉ አሰልፈን ከብረት ጋር እናላትማቸው!

ይቺ ልጅ እኮ በስድስት ዓመቷ የሰፈሩን መኪና ታርጋ ሁሉ በቃሏ ትወጣልን የነበረች ናት። እናቷ ካረፈች በኋላ ሁለት ዓመት እኔ ጋ ስትኖር የገበያ ዝርዝር ጽፌ አላውቅም፤ እሷ ነበረች ዝርዝሩ። በረኛ ሆና ኳስ እጇ ላይ እየተጣበቀ ሙጫ ከመባሏ በፊት ነገር ነው ጭንቅላቷ ላይ ይጣበቅ የነበረው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን መልስልኝ። መስከረም ላይ ወደ እኔ ስትልካት ምን ብለህ ነው የላክሃት?

እህትህ


ጥር 10

ይድረስ ለእታለም፤

እንዴት ሰነበትሽ አልልሽም። የሰው ልጅ ዕድል መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ የሚቀመጥ ሰው ደህና እንደሚሰነብት አውቃለሁ። እጄን ጠይቀሻል፤ ገጥሟል።

ምን ብዬ ላክኋት? "አክስትሽን ሰላም በይልኝ" ብዬ። ሌላ ነገር ብያት ከሆነ ይሄ የምበይድበት እጄ ይሰበር። ፖሊስ ሆንሽብኝ እንዴ?

አንቺ የጠየቅሽኝን መልሼልሻለሁና አሁን አንቺ ስሚኝ። ጥር 24 ቅዳሜ የወጣት ብሔራዊ ቡድን መራጮች እዚህ ሜዳ ይመጣሉ። ለእሷ ነው የሚመጡት፤ አሠልጣኙ በአፉ ነግሮኛል። በሚመጣው ዓመት ዕድሜዋ ያልፋል። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው በር ስበይድ ኖሬያለሁ። ለልጄ አንድ በር ሊከፈት ሲል ቁልፉን የያዘችው የገዛ እህቴ ሆና ተገኘች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር፤ የእኛዋ ይባስ ብላ ራሷ ጅብ ሆነች።

ስለ ጤናዋ ደግሞ ልንገርሽ። ደህና ናት። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ልምምድ ትሄዳለች። ትንሽ ሰነፍ ሆናለች እንጂ። ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ላሜራውን ይዛልኝ ነበር የምበይደው። አሁን የብየዳው ብርሃን አስጠላኝ ብላ መጋረጃ ዘግታ ትተኛለች። መነጽሩን አድርጊ ብላት "ድምፁም ያስጠላኛል" አለችኝ። በቀደም ምግቡ ላይ ሁለቴ ጨው ጨምራ ስቀን ልናልቅ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ናት፤ አንቺም በዕድሜዋ ስትተኚ ነበር የምትውዪው።

ወረቀቱን ፈርመሽ በሹፌሩ ላኪልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።

ወንድምሽ


ጥር 14

ይድረስ ለወንድሜ፤

ጅብነቴን ተቀብያለሁ። ጅብ የነከሰውን አይለቅም፤ እኔም ወረቀቱን አልለቅም። በእጅህ ግን አትማል፤ ትበላበታለህ።

"በምን ጠረጠርሽ?" ትለኝ ይሆናል፤ ልንገርህ። ይሄን ለተጫዋችም ለወላጅም አንናገርም፤ ላንተ የምነግርህ ቆሽቴ ስላረረ ነው። ፈተናው ውስጥ አንድ ቀላል ክፍል አለ። አርባ ቃል ታያለህ። ከዚያ ሁለት ሁለት ቃል እያመጣ "የትኛውን አየህ? በር ወይስ ዝናብ?" ይልሃል። በቃ። ሕፃን ያልፈዋል፣ ሽማግሌ ያልፈዋል፣ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ እንኳ ሠላሳ ሰባት ሠላሳ ስምንት ያመጣል። ክፍሉ ማስታወስን አይለካም፤ የሚለካው ልጁ ከልቡ መልፋት አለመልፋቱን ነው።

ዐይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ የነካ ሰው ከአርባ ሃያ ገደማ ያገኛል። ልጅህ መስከረም ላይ ያመጣችው አሥራ አንድ ነው። ገባህ? አሥራ አንድ በስንፍና አይመጣም። በእንቅልፍም በድካምም አይመጣም። አሥራ አንድ ለማምጣት ትክክለኛውን መልስ እያወቁ ከእሱ መሸሽ ያስፈልጋል። ታኅሣሥ ላይ ግን እዚያው ክፍል ሠላሳ ዘጠኝ አመጣች። ስለዚህ መስከረም ላይ እያወቀች አበላሸች፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ፈርታ ከልቧ ለፋች። ከልቧ ለፍታም ስምንት ቃል ነው ያገኘችው። እኩዮቿ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ያስታውሳሉ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ጤነኛ ሆኖ ዝቅ ማለት፣ ሲመቱ ያው መምሰል። ተጫዋቾች ሲሞክሩት አይቻለሁ። ግን ሙጫ ይሄን ራሷ አላሰበችውም። ዐይኗ ውሸት አይችልም፤ አንድ ሰው አስጠንቷታል።

ደግሞ ይሄን ሁሉ ትተህ የራስህን ደብዳቤ አንብበው። መጋረጃ ዘግታ ትተኛለች አልክ። ብርሃን አስጠላት፣ ድምፅ አስጠላት፣ ጨው ሁለቴ ጨመረች አልክ። አንተ ስንፍና ብለህ የሳቅህበትን እኛ ምልክት ብለን እንመዘግበዋለን። አንጎሏ አልዳነም ማለት ነው! ልምምዱን ዛሬ አቁምና ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ውሰዳት። ራስ ሳይጠና ጉተና ሲሉ የሰማኸውን ረሳኸው? ስለ ብሔራዊ ቡድን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

እህትህ


ጥር 20

ይድረስ ለእታለም፤

ሰላም ነሽ?

አዎ። እኔ ነኝ ያስጠናኋት። በእጄ የማልኩትም ውሸቴን ነው፤ ይኸው እጄ አልተሰበረም፣ የምጽፍልሽም በእሱ ነው። "ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጪ ደደብ ምሰዪ፤ በኋላ ቢመቱሽ አያውቁብሽም" አልኳት። እምቢ አለች። "አክስቴን?" አለችኝ፣ እንዲህ ዐይኗን አፍጥጣ። "አክስትሽ ራሷ ናት የነገረችን" አልኳት።

ዋሸሁ? ክረምት ላይ እኔ ቤት፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠሽ፣ ተጫዋቾቹ እንዴት እንደሚያታልሉሽ እያስመሰልሽ ያሳቅሽን ማነሽ? አንዱ ምላሱን ጎልጉሎ እንደ ቂል ሲያፈጥብሽ፣ አንዷ "ፊደል አላውቅም" ስትልሽ፣ ሁሉን በትወና አሳየሽን። ሙጫም አጠገብሽ ነበረች፤ እንባዋ እስኪፈስ ነው የሳቀችው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አሁን መጥተሽ ዳኛ ስትሆኚብኝ አላፈርሽም?

ደግሞ ሌላም አለ። አሥራ አንዱ መስከረም ላይ አልታየሽም ነበር? ወረቀቱን አሠልጣኙ አሳይቶኛል። ከታች "ውጤቱ ተአማኒ ነው" ይላል፤ ከሱ በታች ፊርማ አለ። ያን ጅራቱ የተጠማዘዘ ፊርማ አውቀዋለሁ። አባባ እንዳይገርፈኝ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ በእሱ ስም ስትፈርሚልኝ የኖርሽው ነው። የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።

ስለዚህ የአንቺ ወረቀት እዚያው መሳቢያሽ ውስጥ ይሻግት። የክለቡ ሐኪም የመስከረሙን ከነፊርማሽ፣ የታኅሣሡን ከኮምፒውተሩ አውጥቶ ጎን ለጎን አያቸው። ሰባት እና ስምንት። ፈረመ። ቅዳሜ ትጫወታለች።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት ወይ? ከቅዳሜ በኋላ እወስዳታለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 22፣ ሐሙስ

ወንድሜ፤

ሰላምታ የለም፤ ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

ታይቶኝ ነበር። አሥራ አንዱ መስከረም ላይ ታይቶኛል። ለምን ፈረምሽ ላልከኝ፣ ስልሳ ልጆች በሦስት ቀን ፈትነን ነበር፣ ደክሞኝ ነበር ብዬ ልዋሽህ እችላለሁ፤ አልዋሽህም። ሕጋችን ግልጽ ነው። ከሃያ በታች ያመጣች ልጅ ተመልሳ ትጠራለች፣ ትጠየቃለች፣ እንደገና ትፈተናለች። አራት ልጆች መልሼ ጠርቻለሁ። አንዷን ተቆጥቼ አስለቅሻታለሁ። የሙጫን ሳይ ግን እጄ ያዘኝ። "የፈታኟ የወንድም ልጅ አታለለች" ብለው በኮሪደሩ ሲንሾካሾኩ ታየኝ። መጥታ ፊቴ ስታፍር ታየኝ። ያን ጊዜ የእኔ ሳቅ ትዝ አለኝ፣ ከየት እንደሰማችው አወቅሁ። ፈረምኩ። አንተን በካርድህ ላይ እንዳዳንኩህ እሷንም ያዳንኳት መሰለኝ።

በሰው ልጅ ላይ የጨከንኩትን ጭካኔ ለእሷ ነፈግኋት። ያ ጭካኔ የሚያስፈልገው ለእሷ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለክለቡም ለፌዴሬሽኑም ጽፌያለሁ፤ የመስከረሙ ፊርማዬ ሐሰት ነው፣ ውጤቱ ይሰረዝ፣ ልጅቷ ሜዳ አትግባ ብዬ። ወደ ሐኪሙ ስልክ ስደውል ጉዞ ላይ ነው ተባልኩ። ያንተም ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። ደብዳቤዬን ቢሮዎቹ ከቅዳሜ በፊት ላያነቡት ይችላሉ። አንተ ግን ታነበዋለህ።

ስማኝ፣ በእናታችን! አንዴ ተናውጦ ያልዳነ አንጎል ሁለተኛ ለመጎዳት ትልቅ ምት አይፈልግም። ትንሽ መውደቅ ይበቃዋል። ልጅን ከሜዳ ለማስቀረት የሐኪም ፊርማ አያስፈልግህም፤ አባቷ ነህ። እሷ ብትጮህም ትጩህ፣ ብታኮርፍም ታኩርፍ። ጫማዋን ደብቅባት። በር ሠሪ አይደለህ? አንዱን በር ቆልፍ።

የሰደብኩህን ሁሉ ይቅር በለኝ። ከፈለግህ ቅዳሜ ማታ እንደገና እንሰዳደባለን።

እህትህ


የካቲት 6

ይድረስ ለእታለም፤

"ደብዳቤዬ በጊዜ ደርሶት ነበር ወይ?" ብለሽ በሹፌሩ አስጠይቀሻል። ሹፌሩ ምን ብሎ እንደሚመልስልሽ ጨንቆት እኔኑ ጠየቀኝ። አታስጨንቂው፤ እኔ እመልስልሻለሁ።

ደርሶኛል። ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ላሜራ ላይ በጠመኔ እያሰመርኩ ነበር። ሁለቴ አነበብኩትና የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ልቤ እስከ ማታ ድረስ አስቀራታለሁ ነው የሚለኝ። ቤት ስገባ ጓሮ ቁጭ ብላ ጫማዋን በጥርስ ብሩሽ ትጠርጋለች፣ መጋረጃው ተከፍቷል፣ ደህና ትመስላለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ቀና ሳትል "አባዬ፣ ነገ አላሳፍርህም" አለችኝ። አፌን ዘጋሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም። ጠዋት ሽርጡን ቤት ትቼ ጃኬት ለበስኩ።

ማን መታት ብለሽኛል። ማንም አልመታትም። በሰባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ዝቅ ብላ የመጣች ኳስ ነበረች፤ ልጅ የሚይዛት ኳስ። በጎኗ ወድቃ ያዘቻት። ጭንቅላቷ መሬት መንካቱንም ማንም አላየ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ አልተነሳችም። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ኳሱን ግን አልለቀቀችም። አሠልጣኙ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየፈታ ነው ኳሱን ያወጣው። ሲያጨበጭብ የነበረው እጄ ነው የሚያስጠላኝ።

አሥር ቀን ተኛች። ከትናንት በስቲያ ቤት ገባን። ትራመዳለች፣ ትበላለች፣ ታውቀኛለች። "ስንት ለስንት ወጣን?" ትለኛለች። "አንድ ለዜሮ አሸነፍን" እላታለሁ፤ ደስ ይላታል። ትንሽ ቆይታ "አባዬ፣ ስንት ለስንት ወጣን?" ትለኛለች። መራጮቹ ምን እንዳሉ አልጠየቅኩም። አሠልጣኙ ቤት መጥቶ ሊጠይቃት ነበር፣ ከደጅ መልሼዋለሁ፤ ሐኪሙንም ባገኘው ምን እንደማደርገው አላውቅም። ግን ይሄ ሁሉ ቁጣ ዞሮ ዞሮ ወዴት እንደሚመለስ ታውቂዋለሽ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ብትዪኝ እውነትሽን ነው። ስደቢኝ፤ ስድብሽ ሳይመጣ መቅረቱ ነው የሚያስፈራኝ።

ሐኪሞቹ እንደገና ትፈተን ብለዋል። እዚያ ትምጣ፤ ከሹፌሩ አጠገብ አስቀምጬ እልክልሻለሁ። ከአንቺ በቀር የማንንም ቁጥር አላምንም። እውነቱን ጻፊልኝ። እንደ ካርዴ አታሳምሪልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 28

ይድረስ ለወንድሜ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ፈተናው ካለቀ ስድስት ቀን ሆኖታል። ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ሙጫ እኔ ጋ ደህና ናት። በደህና ትተኛለች። አምፖሉን አውልቄ ደከም ያለ ገዝቻለሁ። ማለዳ አብረን እንራመዳለን፤ መንገዱን እኔ ነኝ የምመራት።

ስለ እኔ ሥራ በሹፌሩ ጠይቀሃል። ፊርማዬ ታግዷል፣ የክፍሉን ቁልፍም አስረክቤያለሁ። አትዘንልኝ። መስከረም ላይ ያስለቀስኳት ልጅ እናት ወሬውን ሰምታ መጥታ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። "የእኔን ልጅ ውሸታም ያልሽው ለዚህ ነው?" አለችኝ። ቆሜ ሰማኋት።

ስለዚህ ሙጫን የፈተነቻት ባልደረባዬ ናት። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ፈቀደችልኝ። ክፍሉን ታስታውሰዋለህ፤ ሰማያዊው መጋረጃ ያለበት፣ ተፈታኙ ደቂቃ እንዳይቆጥር ብለን የግድግዳ ሰዓቱን ያወረድነው። የኮምፒውተሩን ብርሃን ዝቅ አደረግንላት። ልጅ ሆና ፊደል ስትጽፍ እንደምታደርገው የምላሷን ጫፍ በከንፈሯ ይዛ ጀመረች። እረፍት አድርጊ ስትባል እምቢ አለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለባት።

አታሳምሪልኝ ብለሃል፤ አላሳምርልህም። የልፋቱ ክፍል አርባ ከአርባ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ስፈትን እንዲህ የለፋ ልጅ አላየሁም። ያስታወሰችው ቃል ከሃያ አምስት ሰባት። እዚህ ያያት ሐኪም ከአሁን በኋላ ሜዳ የለም ብሏል። ትምህርቱ በዝግታ ይሆናል፤ በዓመት በሁለት ዓመት የሚመለስላት ነገር ይኖራል፣ ስንቱ እንደሚመለስ ግን እኔም እሱም አናውቅም። መስከረም ላይ አውቃ ያበላሸችውን ውጤት አሁን ላቧን አፍስሳ አመጣችው።

ስድቤ ሳይመጣ መቅረቱ ያስፈራኛል ብለሃል። አልቀረም፤ እስክትመጣ አስቀምጬልሃለሁ። በጣም ነው የተናደድኩብህ። ከአንተ ይልቅ ግን ክረምት ላይ ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጣ ምላሷን ጎልጉላ ሰው ስታስቅ የነበረችውን ሴትዮ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

የቀረውን ልንገርህና ላብቃ። ፈተናው እንዳለቀ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

"አክስቴ፣ አሁን ለፋሁ አይደል?"

"ለፋሽ የኔ ልጅ" አልኳት።

"ስንት ቃል አመጣሁ?"

ከእንግዲህ አልዋሻትም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። "ሰባት" አልኳት።

"መስከረም ላይስ ስንት ነበር?"

"ሰባት።"

ፊቷ ወገግ አለ። "ታዲያ አልወረድኩማ!" አለችኝ። "አባዬን ንገሪልኝ፣ መጫወት እችላለሁ።"

ደብዳቤው የዘገየው ለዚህ ነው።

እህትህ